የዶዮገናዋ መኪና ትክክለኛ ቀለም

ሆሳዕና ገበያ ዳር ካለው የጋሽ ከድር የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የተቀጠርኩ ዕለት፣ ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ ፈተና ቀረበልኝ። ጋሽ ከድር ከመስታወት ሣጥኑ ሁለት የመጫወቻ ጭነት መኪናዎች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሁለቱም መዳፍ የሚሞሉ፣ ከበድ ያሉ የድሮ ብረቶች ናቸው።

«ልዩነታቸውን ንገሪኝ።»

«የአንዷ ጎማ ወልቋል።»

«ጎማ አልጠየቅሁሽም። ቀለማቸውን ነው።»

«ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።»

«ጎመንም አረንጓዴ ነው፣ ቃሪያም አረንጓዴ ነው። ጎመን ግዢ ብዬ ብልክሽ ቃሪያ ይዘሽ ትመጫለሽ?»

በረንዳ ላይ አውጥተው ከፀሐይ ሲያስቀምጧቸው አንዷ ወደ ቢጫ፣ ሌላዋ ወደ ሰማያዊ ስታደላ ታየችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ሆነ። እናቴ ግን ጎረቤት ሲጠይቃት «መጫወቻ ትጫወታለች፣ ደመወዝ ይከፍሏታል» ትል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው አንዱን ሞዴል ቀይ ሲቀባ ከርሞ፣ ቀለም ሲያልቅበት ወይም አዲስ ሊሞክር ሲፈልግ ጥቂቶቹን በሌላ ቀለም ያወጣል። ሰብሳቢዎች የሚያብዱት ለእነዚያ ጥቂቶች ነው። ወደኛ አገር መኪናዎቹ የመጡት ከውጭ ሰዎች ልጆች ጋር ነው። ልጆቹ ሲሄዱ በዘበኛው፣ በሾፌሩ፣ በአናጢው ቤት ቀሩ።

መሣሪያዬ ማጉያ መነጽር፣ ጥጥና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። አምፖል ሥር ቀለም አልፈርድም፤ የጠዋት ብርሃን በር ላይ እጠብቃለሁ። ከዚያ መኪናዋን እገለብጣለሁ። ፋብሪካ አካሉን መጀመሪያ ይቀባል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ካለው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር፣ ሪቬት በሚባል ትንሽ የብረት ምስማር ይመታዋል። ስለዚህ የሪቬቱ ራስ ላይ ቀለም ካለ፣ ያ ቀለም ኋላ የመጣ ነው። እናንተ አሁን ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይታችሁ የምትፈርዱት ልጆች ይህቺን ያዙ።

ፀሐይም ታታልላለች። አንድ የሀቢቾ ገበሬ ሮዝ መኪና ይዘው መጡ፤ በዓለም አንድ ናት ተብለዋል። ብገለብጣት ሆዷ ደማቅ ቀይ ነው። መስኮት ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ያገረጣት ናት። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ታዲያ የሀቢቾ ፀሐይ አይቆጠርም?» አሉኝ።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ ማርታ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህርት ከዶዮገና መጡ። በሻሽ የጠቀለሉትን ሲፈቱ ሰማያዊ ጭነት መኪና ወጣች። ጋሽ ከድር ስልካቸውን አወጡ። ያ ሞዴል ለእኛ የሚታወቀው በቀይና በቢጫ ብቻ ነው። እኔ መነጽሬን ሳላነሳ ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላለ ሰብሳቢ ላኩ። ሰውየው ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

«ጋሽ ከድር፣ ገና አልገለበጥኳትም እኮ።»

«ገልብጫት። ግን ሰማያዊ እንደሆነች ትመለስልኝ።»

ወይዘሮ ማርታ ግን ወንድማቸው በሌለበት እንዳትነካ አሉ። አባታቸው የሚሲዮን አናጢ ነበሩ፤ መኪናዋን አንድ ቄስ ለሁለቱ ልጆች ብለው ሰጧቸው። በኋላ አባትየው ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባት። ሲሞቱ ሣጥኑ ለማርታ ደረሰ፣ ቢከፈት ሰማያዊ መኪና ተገኘች። ወንድምየው «የእኛ ቀይ ነበረች፤ ለውጠሻታል» አሏቸው።

«ቢጫ ነበረች!» አሉኝ ወይዘሮ ማርታ፣ እኔ የካድኳቸው ይመስል። «እኔን ሌባ አለኝ። ከአባታችን ለቅሶ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። እኔ የመጣሁት ለመሸጥ ብቻ አይደለም። ምን እንደሆነች ንገሪኝ።»

ቅዳሜ ወንድምየው መጡ፤ አቶ ጴጥሮስ ይባላሉ፣ አዲሎ መንገድ ዳር ጎሚስታ ናቸው። ሰብሳቢውም ደረሰ። እህትና ወንድም ሱቁ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ መኪናዋን ገለበጥኩ።

ሪቬቱ ሰማያዊ ነው። ጎማዎቹን የሚያያይዘው የአክስሉ ጫፍም ሰማያዊ ነው።

«ኋላ የተቀባ ነው» አልኩ። ጋሽ ከድር ከወንበራቸው ሥር የሆነ ነገር የጠፋባቸው መስለው አጎነበሱ።

ጥጥ በማስለቀቂያው አርሼ ሆዷ ላይ ቀስ ብዬ አሸሁ። ሰማያዊው ለቀቀ። ከሥሩ የወጣው ቀይ አይደለም፣ ቢጫም አይደለም። በመነጽር ጋቢናው ጣሪያ ውስጥ አየሁ፤ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ዋናው ቀለም እንዳለ ያበራል።

«ብርቱካናማ ናት። የፋብሪካ ቀለም።»

ሰብሳቢው ከመቀመጫው ተነሣ። «ብርቱካናማዋን በሥዕል ብቻ ነው የማውቃት!»

ወንድምና እህት ግን ጥጡ ላይ አጎንብሰው በከምባትኛ ይጨቃጨቁ ጀመር። እኔ ሀዲይኛ እንጂ ከምባትኛ ጠልቆ አይገባኝም። ጋሽ ከድር የዶዮገና ገበያ ያስተማራቸውን አውጥተው ሹክ አሉኝ፤ «እሷ ‹ወደ ቢጫ ታደላለች› ትላለች። እሱ ‹ዓይንሽን ታከሚ፣ ወደ ቀይ ነው› ይላል።»

ከዚያ አቶ ጴጥሮስ ጥጡን ከእጄ ወሰዱት። ሰማያዊውን ብዙ አዩት።

«ይህ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ በር ቀለም ነው» አሉ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። «አባታችን በሮቹን ሲቀባ የቀለሙን ቆርቆሮ ተሸክሜለታለሁ። እሱ ነው የቀባት። ቀይ ናት ቢጫ ናት እያልን ጆሮውን ስናደነቁረው፣ ማናችንም እንዳንረታ።»

ወይዘሮ ማርታ ሳቃቸው መጣ። ወንድማቸው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አልለወጥሽም ማለት ነው።»

«አልለወጥኩም።»

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ወይዘሮ ማርታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እኔም መነጽሬን የምወለውል መስዬ ዞር አልኩ።

ያን ጊዜ ሰብሳቢው ባይናገር ይሻለው ነበር። «ግድ የለም፣ ሰማያዊውን እኔ አስፍቀዋለሁ። እሱ ዋጋ የለውም» አለ።

«ምን የለውም?» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ። ከአባታቸው ለቅሶ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። መኪናዋ ወደ ሻሿ ተመለሰች። ሰብሳቢው ክትፎ በልቶ አዲስ አበባ ገባ። ወንድምና እህት ወደ መናኸሪያው አብረው ሲወርዱ ድምፃቸው መታጠፊያው ድረስ ይሰማን ነበር፤ ስለ ቀለሙ ነው።

ጋሽ ከድር ሳምንቱን ሙሉ አኮረፉኝ። «ሰማያዊም አጣሁ፣ ብርቱካናማም አጣሁ» ይሉ ነበር ለገባው ሁሉ። ሆኖም ከዚያ በኋላ እኔ ሳልገለብጥ ፎቶ ልከው አያውቁም።

የሥራው ነገር ይህን ያህል ነው። የቀለሙን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡ። ያያችሁትን፣ ቀጣሪያችሁም ባይወደው፣ እንዳያችሁት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ መሸጥና አለመሸጥ የባለቤቱ ጉዳይ ነው።