የእትዬ ቅንድብ ለቅሶ

«እንደገና» አለ ዳይሬክተሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ተዋናይቷን ያስፈራት ይኸው ነበር።

ድምፅ ቀጂው አፉን በመዳፉ ከድኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲስቅባት ሁለተኛ ጊዜው ነው። በፊልሙ ውስጥ የልጇን ሞት በስልክ የምትሰማ እናት ናት። ስልኩን አንስታ፣ ሰምታ ዝም ስትል ግራ ቅንድቧ በገዛ ፈቃዱ ሽቅብ ይወጣል። እሱ ሲወጣ ደግሞ ካሜራማኑ ሳያስበው ሌንሱን ወደ ፊቷ ያስጠጋል። ከዚያ ወዲያ ሳቅ ነው።

በማን ይፈረዳል? በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ወሬ የምትለቅም አከራይ ሆና ለዓመታት በቴሌቪዥን ስትሠራ ካሜራውን የያዘው ይኸው ካሜራማን ነበር። ቅንድቧ ይነሳል፣ ሌንሱ ይጠጋል፣ አገር ይስቃል። ስሟ ተረስቶ ሕፃን አዋቂው «እትዬ ቅንድብ» ይላት ጀመር። ሐኪም ቤት ታማ ተኝታ እንኳ መርፌ የምትወጋት ነርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

ዳይሬክተሩ ጠጋ አለ። ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው።

«እትዬ፣ ፕሮዲውሰሩ ‹ሰው ሲያያት ይስቃል› ብሎኝ ነበር፤ ለእርስዎ ብዬ ተጣላሁት። አሁን ሌላ ተዋናይት አስመጥቶ ሜካፕ ክፍል አስቀምጧል። ይቺ ቀረጻ የመጨረሻችን ናት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ስገባ ሰላም ስላት እሷም ሳቀችብኝ።»

ካሜራማኑ ላቡን ጠረገ። «እታለም፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«የኔስ ቅንድብ መቼ ያስፈቅደኛል፣ ወንድምዓለም? አመል ያወጣል ከመሀል ሲባል አልሰማህም?»

 ወደ ወንበሯ ስትመለስ አባቷ የሞተ ቀን ትዝ አላት። ልጅ ነበረች። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። አንዲት ጎረቤት እዬዬ እያለች በአንድ ዓይኗ የአልጋ ልብሱን ስትገመግም አየቻትና ቅንድቧን አነሳች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ትቆነጥጠኛለች ብላ ስትሸማቀቅ፣ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ትሳቅ ታልቅስ ማንም አላወቀ፤ ሳትነግራትም አለፈች።

«አክሽን።»

ስልኩ ጮኸ። አነሳች፤ ሰማች። ቅንድቡ እንደ ማስነጠስ ሲመጣ ተሰማት፤ ሊመለስ የሚችል አልነበረም። ሳይደርስባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን ለካሜራ ሰጠች፤ ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት።

የካሜራማኑ እጅ ሌንሱን እንደያዘ ቀረ። የሚጠጋበት ፊት የለማ። የሹራቧ ስፌት ይታያል፤ ከማበጠሪያ ያመለጠ የማጅራቷ ጸጉር ይታያል። ከዚያ ትከሻዋ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ቆየት ብሎ ሌላው። ድምፅ ቀጂው አፉን ሊከድን መዳፉን አነሳ። መዳፉ አየር ላይ ቀረ።

ዳይሬክተሩ «ካት» ማለቱን ረሳው። ያለው ካሜራማኑ ነው፣ ያውም በሹክሹክታ። ከዚያ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እታለም፣ እያለቀስሽ ነበር ወይስ እየሳቅሽ?»

ፊቷን አልመለሰችም። «እሱንማ እናቴን ነበር መጠየቅ።»

ሌላዋ ተዋናይት አታስፈልጊም፣ ፊትሽን ታጠቢ ተብላ፣ ሜካፗን በጥጥ እየጠረገች ከክፍሉ ወጣች። በአጠገባቸው ስታልፍ ያቺን ጀርባ አየቻት። አልሳቀችም።