በውጭ የተቆለፈው በር

እማማ ማንጠግቦሽን “እንደምን አደሩ?” ሲሏቸው “አለሁ” ይላሉ። ሌላ የለም። ደባርቅ ላይ ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት እንኳ መጀመሪያ “እግዚአብሔር ይመስገን” ይልና ኋላ ነው የሚያለቅሰው። እሳቸው ግን ቃሉን ከተዉት ዓመት አልፏቸዋል።

እኔ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየሁ መምህር ነበርሁ፤ ምክንያቱን አውቃለሁ። አንድ ልጃቸውን ያርጋልን የቀበሌ ታጣቂዎች ከገበያ ይዘው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ጠዋት ቁርስ ሲያቀርቡ ሁለት ሳህን ያወጡና አንዱን ባዶውን መልሰው በአፉ ይደፉታል።

“ለምን አያመሰግኑም?” አልኋቸው አንድ ቀን። በውይይት ክበብ እግዚአብሔር የለም ስል የምውል ሰው ይህን መጠየቄ ራሴንም ያስቀኛል።

“ምን ሰጠኝ ብዬ?” አሉ።

የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ጽዋው በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበሩን ይቀበላል። ያርጋል ከተወሰደ ወዲህ ከማኅበሩ ቀርተው ሳለ፣ በታኅሣሥ 1977 ማኅበርተኞቹ “ቀጣዩ ተራ የሷ ነው” ብለው ጽዋውን እቤታቸው አምጥተው አስቀመጡላቸው። በዚያ ዓመት ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ደርቋል፤ እቤት ያለው ለዘር የተቀመጠ አንድ ቁና ብቻ ነው።

የጥር ማርያም ጠዋት እማማ ጓጉንቸር ቁልፍ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

“መምህር፣ በውጭ ቆልፍብኝና ሂድ። የለችም ብለው ይመለሳሉ።”

ጅልነት ነው እያልሁ ቆለፍሁ፤ መክፈቻውን ኪሴ ከትቼ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ከሰዓት ስመለስ የማኅበሩ ቄስ አባ ሀብተ ሚካኤልና አምስት ሴቶች ደጁ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው መጥተዋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ማንም አልተነሣም። ብከፍት አዋርዳቸዋለሁ፤ ባልከፍት እሳቸው ጨለማ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። መክፈቻውን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ አጥሩ ሥር ቆምሁ።

“ጽዋው ቤት ውስጥ ነው፣ እኛም ደጁ ላይ ነን፤ ይበቃናል” አሉ አባ ሀብተ ሚካኤል። ጸሎቱን ጀመሩ። የሞቱትን አሰቡ፣ የታመሙትን አሰቡ። ከዚያ፣ “የእኅታችንን የማንጠግቦሽን ልጅ፣ ያርጋልን፣ ባለበት ጠብቅልን” አሉ።

ከተቆለፈው በር ውስጥ “አሜን” የሚል ድምፅ ወጣ።

ማንም አልሳቀም። አባ ሀብተ ሚካኤል ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አደረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ መክፈቻው አንተ ዘንድ ነው መሰለኝ።”

ከፈትሁ። እማማ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጽዋውን ታቅፈው ያለቅሳሉ።

“ስሙን የማነሣው እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ” አሉ።

“ከሄደ ጀምሮ አንድም ወር ሳንጠራው ቀርተን አናውቅም” አለች ጤናዬ የምትባለው ማኅበርተኛ፣ ከጎናቸው እየተቀመጠች። “አንቺ ስለቀረሽ አልሰማሽም እንጂ!”

ጽዋው ውኃ ተሞልቶ ዞረ፤ ቆሎውም ተበላ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ “እንደምን አደሩ?” አልኋቸው። ሁለቱን ሳህን አውጥተው፣ አንዱን መልሰው እየደፉ ነበር።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አሉ።