የሸክላዋ ሴት አገጭ

የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ሰው ሲያነሳ አፉና እጁ እኩል ነው የሚሠሩት። «ቀና በሉ» ይላል፤ ግን ብሎ አይተውም። ከካሜራው ጀርባ ብድግ ብሎ ይመጣና የተቀመጠውን ሰው አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘወር ያደርገዋል። ሙሽራ አይል፣ ዳኛ አይል፣ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን አይል። አንዴ አንድ መኮንን «እጅህን ሰብስብ!» ብሎ ተቆጥቶት ነበር አሉ። ፎቶው ሲደርስ ግን መኮንኑ ራሱ ወዶት ለዘመድ አዝማድ የሚበቃ አሳጠበ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰው ሁሉ አገጩ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። መሀል ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ የሴት ልጁ የምረቃ ፎቶ ነው።

ያቺ ልጁ ሙዚየም ተቀጥራለች፤ የሙከራ ጊዜዋን ግን ገና አልጨረሰችም። ሙዚየሙ ስለ ቅርጻ ቅርጾቹና ጌጣጌጦቹ ባለ ፎቶ መጽሐፍ ለማሳተም ሲያስብ፣ «አባቴ ያነሳልናል፤ እጁ ጥንቁቅ ነው» ብላ ኃላፊው ፊት አፏን ሞልታ ተናገረች። አባትየው ይህን ሲሰማ ምድር አልበቃው አለ። ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ለበሰ። ሙዚየሙ በር ላይ የምትጠርገውን የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር «የማን አባት እመስልሻለሁ?» ብሎ አቆማት። ሴትዮዋም «ዓይንዎ ቁርጥ የልጅዎ ነው፣ ጋሼ» ብላ ሳቀችና መጥረጊያዋን ጥላ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ እስከ አዳራሹ ተሸከመችለት።

ልጁ የመስታወት ክዳኖቹን አንድ በአንድ አነሳችለት።

«አባዬ፣ እንዳትነካቸው እሺ?»

«እኔን ነው? ፀጉሬ የሸበተው በካሜራ አይደል እንዴ!»

የብር አምባሩን፣ የተቀረጸውን የእንጨት ማበጠሪያ፣ የነሐሱን ዋንጫ ንክች ሳያደርግ ፎቶ አነሳ። በመሀል ልጅቱ ተጠርታ ወጣች። የቀረችው የሸክላዋ ሴት ነበረች፤ ከአንገት በላይ ብቻ የሆነች፣ ጆሮዋ ላይ ክብ የሸክላ ጉትቻ ያላት። አንድ ፎቶ አነሳትና አልወደደውም። ግማሽ ፊቷን ጥላ በልቶታል። መብራቱን ወዲያ ወዲህ አለ፤ እሷ እቴ፣ እንዳኮረፈች ቀረች።

«እስቲ ቀና በይ» አላት። ብሎም አልተወ፤ ሄዶ አገጯን በሁለት ጣቱ ይዞ ዘወር አደረጋት።

እንዲያው ሳያስበው ነው እኮ። ወደ ካሜራው ተመልሶ አነሳት፤ ፊቷ በርቶ እንዴት እንዳማረባት! ጆሮዋ ባዶ መሆኑን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጉትቻው ከሥሯ በተነጠፈው ጨርቅ ላይ ወድቋል። ሰውየው ክው አለ። ወዲያው ከውጭ ኮቴ ሰማና ጉትቻውን አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

የገቡት ልጁና ኃላፊው ነበሩ። ኃላፊው የሸክላዋን ሴት አየና ቆመ።

«ጉትቻዋስ? ጋሼ፣ ሲያነሷት ነበረ?»

«እኔ እንኳ ልብ አላልኩም» አለ ፎቶ አንሺው።

«ፎቶው ላይ ይታያላ» አለ ኃላፊው።

ልጅቱ ካሜራውን ተቀብላ ከፈተችው። በመጀመሪያው ፎቶ የሸክላዋ ሴት ከነጉትቻዋ ናት። በሁለተኛው ጆሮዋ ባዶ ነው፤ አገጯም ወደ ብርሃኑ ዞሯል። ልጅቱ ያንን አገጭ በደንብ ታውቀዋለች፤ ግድግዳው ላይ የራሷም አገጭ እንዲያ ነው። ቀና ብላ አባቷን አየችው። እሱ ጫማውን ነበር የሚያየው።

«አይለይም» አለችና ካሜራውን አጠፋችው። «ጥላ ነው። ከጠዋትም አልነበረም መሰለኝ።»

የአባትየው ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ይህችን ልጅ ሲያሳድግ ሰሃን ብትሰብር ዝም ይላታል፤ የሚቆጣት በውሸት ብቻ ነበር። አሁን ለእሱ ብላ፣ እሱ ፊት ቆማ ዋሸች።

«ጠዋት ያጸዳችው ናታ» አለ ኃላፊው። «በቃ፣ ያቺ ሴትዮ ትሰናበታለች።»

ማቆሚያውን የተሸከመችለት ሴትዮ! ዝም ቢል ሴትዮዋ ከእንጀራዋ ልትፈናቀል ነው፤ ቢናገር ልጁ ውሸታም ልትባል ነው። ቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልመጡ። እጁን ኪሱ ከተተና ጉትቻውን ጨርቁ ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ። አገጯን ላስተካክል ብዬ ነው።»

ኃላፊው እሱን አላየውም። ያየው ልጅቱን ነበር።

«አይተሻል?»

«አዎ» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን አልዋጠችውም። ካሜራውን አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በዚያው በር ወጣ።

ጉትቻውን ባለሙያ አጣብቆ መለሰው። ልጅቱን ግን የመለሳት የለም፤ በጉትቻው ሳይሆን በውሸቷ አሰናበቷት። ቤት ውስጥ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም፤ እሱንም የጨረሰው ይኸው ነው። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ፎቶ ቤቱ ሲገባ የምረቃ ፎቶዋን ላለማየት ፊቱን ከግድግዳው አዙሮ ያልፋል። ሰው ሲያነሳም እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ወደ ግራ... አይ፣ በዛ... ትንሽ ዝቅ» እያለ በአፉ ብቻ ይደክማል። ደንበኞቹ «ጋሼ፣ እጅዎን ያምዎታል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከአንገት በላይ።

አንድ ቀን ጠዋት ልጅቱ ፎቶ ቤቱ መጣች። ለሌላ ሥራ ለማመልከት ጉርድ ፎቶ አስፈልጓት ነው። ሌላ ፎቶ ቤት ሞልቷል፤ እሷ ግን እዚህ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ቀና... ወደ መስኮቱ ትንሽ» አለ ከካሜራው ጀርባ። ዞረች፤ በዛ። መለሰች፤ አነሰ። እጁ ከወገቡ በስተኋላ እንደተጣመረ ነው።

«አባዬ።»

«ወይ እናቴ።»

«እንዲህ ከሆነማ ዛሬ አንጨርስም። ና።»

መጥቶ ፊቷ ቆመ። እጁ አልነሳ አለው። እሷው ያዘችና ሁለቱን ጣቶቹን አገጯ ሥር አደረገቻቸው።

«ይቅር በይኝ» አላት።

«መጀመሪያ አንሳኝ» አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጋት፤ እንባዋ እስኪደርቅ ጠበቀና አነሳት።