የመጋዘኑ ሰሜን

ወታደሮች ፒካፕ ላይ በደረቴ አስተኝተው ሸራ ጣሉብኝ። ላሊበላ ተወልጄ ነው ያደግሁት፤ እንጀራዬም ለእንግዳ መንገድ ማሳየት ነው፤ መብራት አጥፍቼ ሰው በዋሻ ውስጥ ስመራ የኖርኩ ነኝ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን እየፈራሁም ቢሆን መንገዱን በሆዴ እከተል ነበር፤ አሁን ገበያውን አለፈ፣ አሁን ቀኝ ታጠፈ፣ አሁን ዳገት ጀመረ። መኪናው አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ። እሱንም ያዝኩት። ጋቢዬን በራሴ ላይ ጠምጥመው አንድ ቤት ውስጥ ሲገፉኝ በሩ ወዴት እንደሚያይ ቢጠይቁኝ እምልላቸው ነበር፤ ወደ ሰሜን።

ወይ መታበይ!

ጋቢውን ስፈታ ያየሁት ባዶ የእህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወለሉ ላይ ገለባና አቧራ። ሁለት ሰዎች ከኔ ቀድመው ገብተዋል። አንዱ የላስታ ገበሬ ነው። ሌላው ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ፣ ከመንገድ ዳር ከተማ ለገበያ የመጡ የጨው ነጋዴ ናቸው፤ ገበሬው ሐጂ ይላቸዋል። ሁለቱም ትናንት ዓይናቸው ታስሮ ነው የመጡት። ጥፋታችንን የነገረን የለም፤ እኛም እርስ በርስ አልተጠያየቅንም።

"የዚህ አገር ሰው ነህ ልጄ?" አሉኝ ሐጂ።

"አዎ አባቴ።"

"እሰይ! በል ሰሜኑን አሳየኝ። መካ ከእኛ በሰሜን ናት።"

"በሩ ነው" አልኩ ሳላመነታ።

"ምን በሩ!" አለ ገበሬው። "በሩ ምዕራብ ነው። ስገባ ሽቅብ ወጥቻለሁ፤ የምሥራቁ ተራራ በጓሮ በኩል ነው።"

ተከራከርን። እሱ በእግሩ ይምላል፣ እኔ በጭንቅላቴ። በዚህ መሀል ጠባቂው ወታደር በሩን ለእጁ ያህል ገርበብ አድርጎ ዳቦ አቀበለን።

"ሐጂ፣ ይዘጋጁ" አለ በክፍተቱ። "አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል፤ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ።"

ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ የተባለ ሰው ወሬው ሲመለስ አልሰማንም። ሐጂ ዳቦውን ለሁለታችን ቆርሰው ሰጡን።

"ትናንት በግምት ሰገድኩ፤ አላህ ይቀበላል" አሉ። "ዛሬ ግን የምሄድበትን አላውቀውም። ፊቴን በትክክል አዙሬ ሰግጄ ብሄድ ልቤ ያርፋል።"

ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረንም። ጣሪያው ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ አለች፤ በእሷ የምትገባው ብርሃን ወለሉ ላይ የሳንቲም ያህል ታበራለች። የገለባ ስንጥር አስቀመጥንባትና ሦስታችንም በእንብርክካችን ከበብናት። ስታዩዋት አትንቀሳቀስም፤ ዘወር ብላችሁ ስትመለሱ ስንጥሩን ጥላው ሄዳለች፣ ወደ በሩ።

ገበሬው ጭኑን መታ። "አላልኩም? ፀሐይ የምትሄደው ወደ ምዕራብ ነው፤ ይኸው ወደ በሩ እየሄደች ነው!"

አመንኩት። በሩ ምዕራብ ከሆነ፣ ወደ በሩ ለቆመ ሰው ሰሜኑ የቀኙ ግድግዳ ነው። ሐጂ መታጠቢያ ውኃ ስለሌለ እጃቸውን በግድግዳው አፈር አብሰው ፊታቸውን ዳበሱ። የሚሰግዱበትን ኩታ ወደ ቀኙ ግድግዳ ሊያነጥፉ አራገፉት።

አቧራው ተነሣ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጣሪያ እስከ ወለል እንደ ተወጠረ ገመድ ታየ፤ ከኋላው ግድግዳ በኩል ተንጋዶ ገብቶ በሩ አጠገብ ወድቋል።

"ሐጂ፣ ቆዩ! አይጀምሩ!"

ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ።

"ከየት እንደሚመጣ እዩት! ፀሐይዋ ያለችው በኋላችን ነው! ከሰዓት በኋላ ነው እኮ፣ ምዕራብ ናት። እሷ ወደዚያ ስትወርድ ብርሃኗ ወደዚህ ይሸሻል!"

የጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ መስኮት ገብታ የምዕራቡን ግድግዳ ስታበራ ለስንት እንግዳ አሳይቻለሁ። ገበሬው እጁን ጨረሩ ውስጥ አስገብቶ በዓይኑ ሽቅብ ተከተለው።

"በስመ አብ! ለመካ ጀርባዎን ሊሰጡ ነበር እኮ!"

በሩ ምሥራቅ ነው። ይህን ሳውቅ በራሴ ውስጥ ይዣት የገባሁት ላሊበላ ተነሥታ ዞረች። የምሥራቁ አሸተን ተራራ ከቀኝ ትከሻዬ ተነቅሎ በሩ ፊት ሄዶ ተቀመጠ፤ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያናቱ፣ የቤቴ ጓሮ ሁሉም ተከተሉት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ የታሰርኩ ሳይሆን የተፈታሁ ይመስል ሳቅሁ።

"አብሽር ልጄ" አሉ ሐጂም እየሳቁ፤ "ገና አልጀመርኩም።"

ኩታቸውን ወደ ግራው ግድግዳ አዞሩ። እኛ ከኋላው ግድግዳ ሥር ተቀመጥን። መሬት ላይ ተደፍተው ሳለ የመኪና ድምፅ መጣ፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። አሸተን የከሰዓት ፀሐይ ፊቱ ላይ ወርዳበት ትክ ብሎ እያየን ነበር። ገበሬው ክንዴን ጨበጠኝ።

"ሐጂ፣ ይነሡ!" አለ ወታደሩ።

ተነሥቼ ቆምኩ። "እየሰገዱ ነው" አልኩት። "ይጨርሱ።"

ከተያዝኩ ጀምሮ ለጠመንጃ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ወታደሩ አየኝ። ውጭ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ ወታደሩ ግን ደፉ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

ስግደት ሲያልቅ ሰላምታው ከቀኝ ይጀምራል። በቀኛቸው በሩ ነው፤ በሩ ላይ ወታደሩ።

"አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ" አሉ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው።

ለእሱ የተሰጠ መሰለው መሰለኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ሰላምታ በግራቸው ለተቀመጥነው ለእኛ ደረሰን። ከዚያ ኩታቸውን አጥፈው ሳይጣደፉ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ያገኘኋቸውን የጨው ነጋዴዎች ሁሉ ጠይቄያለሁ። እኔ ተፈትቼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አሁን አዲስ ቤት በገባሁ ቁጥር ከመቀመጤ በፊት ሰሜኑን እፈልጋለሁ። እኔ የምጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞሬ ነው። ሰሜኑን የምይዘው ለእሳቸው ነው፤ አንድ ቀን በሩን ከፍተው ቢገቡ ሳይጠይቁኝ እንዳሳያቸው።