ብርብራ ያወጣው

ዓሣ መሸጫው ደጃፍ ላይ ነጭ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ የተደረደሩትን ዓሦች ሳይ የብርብራ ሽታ ይመጣብኛል።

በጣሊያን ጊዜ ነው። አያቴ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ዱቄቱን ጨሞጋ ወንዝ ላይ በተኑት። ዓሦቹ ሰክረው ብቅ ብቅ አሉ። በቅርጫት ስለቅም ከመካከላቸው የጣሊያን ወታደር ልብስ የለበሰ ሰው በፊቱ ተደፍቶ ተንሳፈፈ።

«አባባ፣ ሞቷል?» አልኋቸው።

አያቴ ውኃውን ትክ ብለው አዩት።

«ብርብራ የሞተ አያወጣም፣ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሚያወጣው እስትንፋስ ያለውን ነው።»

ቅርጫቱን ጥለን ዳገቱን ወጣን። ዞሬ እንዳላይ አያቴ ማጅራቴን ይዘውኛል፤ ከኋላችን ግን ውኃው ሲንቦጫረቅ ሰማሁ።

«ዛሬ የወጣ ነው፣ እማማ» ይለኛል ሻጩ። አንዱን ዓሣ በጣቴ ነካ አድርጌ፣ እንዳይንቀሳቀስ እየፈራሁ እጠብቃለሁ።