ሽሮው ይመለስ የተባለ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ለጾም የገዛችውን የለውዝ ቅቤ ከነብልቃጡ ወደ ሱቅ ስትመልስ አየኋት። ሻጋታ ተገኝቶበታል ተብሎ በሬዲዮ ተነግሮ ኖሯል። «ሥጋ የለበት፣ ወተት የለበት፣ የጾም ምግብ ደግሞ ምን ይሆናል?» ብላ ተገረመች። እኔን አልገረመኝም። ሐሳቤ አሶሳ ገባ።

ያኔ ክልሉ ገና እየተቋቋመ ነበር። እኔ፣ ጌታቸውና ሙሉጌታ መምህራን ሆነን ከደጋ አገር ተመድበን መጣንና እማማ ሃዋ ከሚባሉ የበርታ ተወላጅ ግቢ ቤት ተከራየን። የአገሩ ባለቤት ማን ነው፣ እንግዳው ማን ነው የሚለው ወሬ ከቢሮ አልፎ ጓሮ የገባበት ጊዜ ስለነበር ሰው በጎን ይተያያል። ሁዳዴ ደግሞ እዚያ የሚውለው በሙቀቱ ወራት ነው። ማንጎው ይበስላል፣ የሚቃጠለው ሣር ጢስ ከተማውን ያለብሰዋል። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመን ከገበያ በገዛነው ሽሮ እንበላለን።

አንድ ቀን እማማ ሃዋ የተወቀጠ ለውዝ በሳህን ይዘው መጡ።

«ጾም ነው ብሏል እናንተ። ይሄ ሥጋ የለም። ብላ» አሉን።

ሦስታችንም ከለውዙ በላን። እኔን ወባ ይዞኝ አፌ መሮኝ ስለነበር ሽሮውን ሳልነካ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጌታቸው ተነሥቶ ከአየር ላይ ክር እየመዘዘ የሞተ አባቱን ይጣራ ጀመር። ፊቱ ቀልቷል፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ዓይኑን ሞልቶታል። ሙሉጌታም ምላሱ ደርቆ ይንገዳገዳል።

«ሴትዮዋ ናት! ለውዙ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ጌታቸውን ከጎረቤት ጋር ተሸክመን ስንወጣ ወሬው ቀድሞናል። መድኃኒት አድርጋባቸዋለች፣ ከአገራችን ውጡ ማለቷ ነው ይባላል። ዱላ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። እማማ ሃዋ ከደጃፋቸው አልሸሹም።

«ወላሂ፣ ያን ለውዝ የእኔ ልጅም በልቷል። ልጅ ደህና ነው» ይላሉ። የሚሰማቸው የለም።

ጤና ጣቢያ የነበረው ድሬሰር የጌታቸውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየና «ይሄ አስተናግር የሚባለውን የሚያቃዥ አረም የበላ ሰው ነው። ፍሬው ከእህል ጋር ይደባለቃል። ምን በላችሁ?» አለ።

ለውዙን እኔም በልቻለሁ። ያልበላሁት ሽሮውን ነው። ትኩሳቴን ይዤ ሽሮውን ወደ ሸጠልን ነጋዴ፣ ወደ አቶ ደምሴ ሄድኩ።

«የእኔን ሽሮ ስንቱ በልቶታል! መርዙን ከዚያች ሴትዮ ፈልጉ» አሉኝ።

«እንግዲያው ትንሽ እናሠራና እርስዎ ይቅመሱልን።»

የሽሮ መስፈሪያቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» አሉ።

ደጅ የቆሙት ገበያተኞች እርስ በርስ ተያዩ። ገብተን ገና ያልተፈጨውን አተር ብንዘረግፈው ጠፍጣፋ ጥቁር ፍሬ ተደባልቆበታል። ወስደን ለድሬሰሩ ብናሳየው ያው ነው አለ። አቶ ደምሴ ያውቁ ነበር? ወይስ ሳያስለቅሙ አስፈጭተው ነው? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን ዕለት በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ ከአቶ ደምሴ የተገዛ ሽሮ ይመለስ ተብሎ ተነገረ። ሰው በጣሳ፣ በፌስታል፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ መጣ። ለካ በየቤቱ የሚቃዥ ሰው ነበረ። በየቤቱም የተጠረጠረ ሰው ነበረ። አንዲት እናት ባሏ ሲለፈልፍባት ምራቷን ጠርጥራ አባርራ ነበርና ሽሮውን ለመቅበሪያ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ደፍታ ልጅቱን ፍለጋ ሮጠች።

ጌታቸው ዳነ። ሙሉጌታ እማማ ሃዋ እግር ላይ ወደቀ።

«ተነሥ፣ አፉ ብሏል እኔ» ብለው አነሡት።

ከዚያም በኋላ ባሚያም ሆነ ገንፎ ማምጣታቸውን አልተዉም። ግን ሳህኑን ከመስጠታቸው በፊት በቆሙበት አንድ ጊዜ ይጎርሳሉ፣ እያየናቸው ይውጣሉ፣ ከዚያ ይሰጡናል። «ኧረ እማማ፣ አይገባም!» ስንላቸው ፈገግ ብለው ሳህኑን ይዘረጉልናል።

ይህን ስነግራት ልጄ «እስከ መጨረሻው እየቀመሱ ነው የሰጧችሁ?» አለችኝ።

«አሶሳን እስክለቅ ድረስ» አልኳት። የከተማው ሽሮ በጥቂት ቀን ተሰብስቦ ተቀብሯል። እሳቸውን ያችን አንድ ጉርሻ ማስተው ግን አልቻልንም።