እትዬ የሞላቻቸው በርሜሎች

ያሳደገችኝን ታላቅ እህቴን እትዬ እላታለሁ። አዳማ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር እትዬ ሁለቱን በርሜሎች ሳትሞላ አትቀመጥም ነበር። ልብስ ያለቀለቀችበትን ውሃ እንኳ ለፓፓያው ታጠጣዋለች። ፊቴን ስታጠብ ቧንቧውን ለቅቄ ካየችኝ፣ «አንተ፣ ፊትህ ሜዳ ነው እንዴ?» ትለኛለች።

ያረፈች ዕለት ውሃ አልነበረም። ድንኳኑ በለቀስተኛ ሲሞላ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ። የዕድሩ ሴቶች በርሜሎቹን ሲከፍቱ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። ሦስት ቀን በዚያ ውሃ ወጥ ተሠራ፣ እንግዳ ሁሉ እጁን ታጠበ። አንዷ ጎረቤታችን፣ «ለቀስተኞቿን ራሷ አስተናገደች» አለች።

ትናንት ውሃ መጣ። የቧንቧውን ድምፅ እየሰማሁ እትዬ ተነስታ በርሜሎቹን እስክትሞላ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እትዬ ከእንግዲህ እንደማትነሳ የገባኝ ያኔ ነው።